የድርቆሽ መረብ ለጋሪ ፈረስ፦ በቃጫ ልስራው ወይስ በፕላስቲክ ሲባጎ?

ድርቆሽ ተሞልቶ ለፈረስ የሚሰቀለውን መረብ በቤት ለመስራት ገመድ ልትገዙ ያሰባችሁ ባለጋሪዎች፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ይጠነክራል ብሎ ነው፣ እኔ ግን ፈረሱ እግሩን ቢያስገባበት ምን ይሆናል የሚለው ይቅደም ባይ ነኝ።

የቃጫ ገመድ ሻካራ ነው፣ ስትሰሩት መዳፍ ይልጣል፣ ግን ቋጠሮው አንዴ ከነከሰ አይላቀቅም፣ ደሞ ቀጠን ያለው ገመድ ፈረሱ ደንግጦ ሲጎትተው ይበጠሳል፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ጠላቱ ውሃ ነው፣ ክረምት ላይ ውጪ ከተሰቀለ በስብሶ ያልቃል።

የፕላስቲክ ሲባጎ ደግሞ የታሰረ ድርቆሽ ለሚገዛ ሰው በነፃ ነው፣ ከእስሩ ላይ የፈታችሁትን አትጣሉት። ውሃ አይጎዳውም፣ ስለዚህ ፈረሳችሁ አቧራ እያሳለው ከተቸገረ ድርቆሹን ከነመረቡ 10 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ነክራችሁ መስቀል ትችላላችሁ፣ በቃጫ ይሄን በየቀኑ ካደረጋችሁ ብዙ አይቆይላችሁም። ፀሐይ ግን ያደርቀውና መፈርፈር ይጀምራል፣ ያኔ ሳታመነቱ ቀይሩት። ቋጠሮውም ስለሚያንሸራትት ክሩን በላይኛው ዓይን (የመረቡ ቀዳዳ) ታሳልፉና ክሮቹ የሚሻገሩበትን መስቀለኛ ቦታ በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ ከኋላ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ አዙሩት፣ ከዛ እስኪነክስ ሳቡት፣ ጫፉን በላይተር ለኮስ አድርጉት። ቁርጥራጩን ለቃቅሙ በናታችሁ፣ ግቢ ውስጥ ላም ካለች ትውጠዋለች፣ ሆዷ ውስጥ ደሞ አይፈጭም።

የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ የሚገመደውም ያው ፕላስቲክ ነው። ወፍራም ናይለን ግን ለመረብ አልመክርም፣ አይበጠስም። አሮጌ የአሳ መረብማ ጭራሽ፣ ክሩ ቀጭን ስለሆነ እግር ላይ ከተጠመጠመ ቆዳ ይቆርጣል።

እና የቱን? ደረቅ በረት ካላችሁ ቃጫ። ዝናብ የሚያገኘው ቦታ ከሆነ መረቡን በፕላስቲክ ስሩና ማንጠልጠያውን ብቻ በነጠላ ቀጭን ቃጫ እሰሩት፣ ችግር ሲመጣ የሚበጠሰው እሱ ይሁን።

የዓይኑ ስፋት 5 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፈረሱ ቀስ እያለ ይበላል፣ ከዛ ከሰፋ ግማሹን መሬት ላይ ይዘራዋል፣ ሽንትና ፋንድያ ነክቶት ይባክናል። ዓይኑ እኩል እንዲሆንላችሁ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ እየጠመጠማችሁ ቋጥሩ። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ስለሚፈልግ አንድ ትልቅ ከመስራት ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ ጠዋትና ማታ ይከፋፈላል።

ያላችሁ የጤፍ ጭድ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ፣ ተወቅቶ ስለደቀቀ በዓይኑ ሾልኮ መሬት ነው የሚቀረው፣ እሱ ግርግም ነው የሚፈልገው፣ ፍሩሽካም እንደዛው። ቀንድ ላላቸው ፍየልና በግ ደሞ በየትኛውም ገመድ ቢሆን እንዳትሰቅሉ፣ ጭንቅላታቸው ይገባና ይታነቃሉ።

ስትሰቅሉ መረቡ ሞልቶ ሳለ በፈረሱ ዓይን ልክ ይሁን፣ ባዶ ሲሆን እንደሚረዝም አስቡና ታቹ ከጉልበቱ በላይ መቅረቱን አረጋግጡ።