አውቶማቲኳን ኮሮላ ማኑዋል ያስደረግኩበት ጋራዥ

ሥራቸው ጥሩ ነው። አጨራረሳቸው ግን ይቀረዋል። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ጋራዡ አዳማ ውስጥ ወደ ወንጂ መውጫ ላይ ነው። ታፔላ የለውም፤ በር ላይ የተከመሩትን አሮጌ ካምቢዮዎች (የማርሽ ሳጥኖች) ስታዩ ደርሳችኋል ማለት ነው። መኪናዬ በፈረንጆቹ 1998 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ካምቢዮዋ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል እንጂ እሷ አትሄድም። ዘይቱም ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ በአዳማ ቀትር፣ በባጃጅ መሃል ቆም ሄድ ማለት ጨርሶ አይስማማውም።

«ሽጫትና ሌላ ግዢ» ያሉኝ ብዙ ናቸው። መምከር ቀላል ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እኔ ያለችኝን መጠገን ነው የመረጥኩት። ሌላ ያገለገለ አውቶማቲክ ካምቢዮ መግጠምም አለ፤ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ መግዛት ሎተሪ መቁረጥ ነው። ደግሞ የሕፃናት ልብስ ጭኜ አሰላ የምመላለስ ሰው ነኝ። ከኢተያ በታች ያለውን ቁልቁለት ማርሽ ቀንሼ በሞተር እየያዝኩ መውረድ ያስደስተኛል። ስለዚህ ማርሹ በእጅ ወደሚቀየረው ማኑዋል ላስቀይራት ወሰንኩ።

ጋራዡን የወደድኩት በመጀመሪያው ቀን ንግግር ነው። ሌሎች ጋር ስሄድ «ካምቢዮ አምጪና እንገጥማለን» ነበር መልሱ። እዚህ ግን ትልቁ መካኒክ ኮፋኖውን ከፍቶ አየና፣ «እህቴ፣ ካምቢዮውን ብቻ ገዝተሽ እንዳትመጪ» አለኝ።

«ታዲያ ምን ልግዛ ጋሼ?»

«ከአንድ መኪና የወጣ ሙሉ ዕቃ። አንዷ ብሎን ከጎደለች እዚህ ቆማ ትከርማለች።»

እውነቱን ነው። አውቶማቲክ ሞተር ላይ ያለው ስስ ሳህን ነው፤ በምትኩ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ ብረት መግባት አለበት። ሰሚያሶቹ፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች፣ ላይገጥሙ ይችላሉ። ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮን ፔዳል፣ የፍሪሲዮኑ ፓምፖች፣ የማርሽ ኬብሎቹ፣ ካምቢዮው የሚያርፍባቸው እግሮች፣ ኮምፒውተሩ ጭምር ያስፈልጋሉ። የፍሬን ፔዳሉም ይቀየራል፤ የአውቶማቲኩ ሰፊ ስለሆነ ለፍሪሲዮን ቦታ አይተውም። አዲስ ግዢ የተባልኩት የፍሪሲዮን ሸራና ኩሽኔታ ብቻ ነው። ምክንያቱም እነሱ ነገ ቢበላሹ ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት። የቀረውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ አገኘሁት። ዋጋውን አልጽፍም፤ እስክታነቡት ይለወጣል።

የካምቢዮ ሥራው ላይ የምለው የለኝም። በንጽህና ገጠሙት፣ ማርሹ ቅቤ ነው።

ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። አውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ (ማቆሚያ) ወይም ኤን (ዜሮ) ላይ ካልሆነ ሞተር አትነሳም። ካምቢዮው ሲወጣ ያ መቆጣጠሪያ አብሮ ይወጣል። እነሱ ምን አደረጉ? ሁለቱን ሽቦ ቋጥረው አስነሷት። ትነሳለች፣ አዎ። ግን ማርሽ ውስጥ እያለች ቁልፍ ብታዞሩባት ዘልላ ፊት ለፊት ያለውን ትመታለች። እኔ ቤት ደግሞ ቁልፍ የሚያነሳ ልጅ አለ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ብቻ እንድትነሳ ፔዳሉ ላይ ማብሪያ ግጠሙልኝ አልኩ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚነዳው» ተባልኩ። ሁሉም ሲባል ደሜ ይፈላል። መጨረሻ ላይ ገጠሙት፤ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቁኝም፣ ለዚህ አመሰግናለሁ።

በዚህ አላበቃም። ማታ ቤት ደርሼ ሞተር አጠፋሁ፤ ቁልፉ አልወጣ አለኝ። ለካ መኪናዋ አሁንም «ፒ ላይ አድርጊኝ» እያለች ነው። የቱን ፒ! ጠዋት ሄጄ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወዲያው ፈታልኝ። ይህን ሳያስረክቡኝ በፊት ሊያዩት ይገባ ነበር። የኋላ ማርሽ መብራቱም እንደዚሁ ሳይገናኝ ቀርቶ ነው የሰጡኝ፤ ሽቦው ካምቢዮው ላይ ካለው ማብሪያ ጋር መያያዝ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ኮምፒውተሩን ግን በደንብ ሠርተውታል። የድሮውን ቢተዉት የሌለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲፈልግ ቼክ ኢንጅን ያበራ ነበር። ከማኑዋሉ መኪና የመጣውን ስለገጠሙት ዳሽቦርዱ ንጹሕ ነው። መሃል ያለው የማርሽ መክደኛ ፕላስቲክ ግን ተቆርጦ፣ በሙጫ ተለጥፎ… ባላየው እመርጣለሁ።

አውቶማቲክ ካምቢዮው ደህና ሆኖ ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ ይህን ለምታስቡ፣ ተዉት። ወጪው አይመለስም። ካምቢዮው የሞተባችሁ ግን እነሱ ጋ ሂዱ። ስትረከቡ ቁልፉን አውጡ፣ የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ መብራቱን ሰው ያይላችሁ፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ለማስነሳት ሞክሩ፤ በዜሮ ማርሽ ይሁን እንጂ። የወጣው አሮጌ ካምቢዮ የማን እንደሚሆንም ቀብድ ሳትከፍሉ ተነጋገሩ። ብረት ገዢ ከሚሰጠው የተሻለ ይገዙታል፤ እኔ ከእጅ ዋጋቸው ላይ አስቀንሼበታለሁ።