ታብሌት ላይ ይሠራል ብለው የሸጡልኝ ሳውንድ ካርድ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሆነኝም። ንዴቴ ገና አልበረደም። ግን ነገ ሌላ ሰው እዚያው ባንኮኒ ፊት ቆሞ፣ እንደ እኔ ራሱን እየነቀነቀ እንዳይከፍል አሁኑኑ ልጻፈው።

የድምፅ ዕቃ ሻጮችን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ "ይሠራል" የሚሉትን። ከምን ጋር? ይሠራል። በየትኛው መሰኪያ? ይሠራል። ያለ ኮምፒውተር? ኧረ ይሠራል! የእኔው ደግሞ አንደበቱ ለስላሳ ነው። ሲያወራ ሁሉን የሚያውቅ ይመስላል።

ቤት ያለችኝ ስቱዲዮ ትንሽ ናት። አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ሄድፎን፣ አንድ ታብሌት። ታብሌቱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ማራገቢያ የለውም። ላፕቶፔ ትንሽ ሲሞቅ ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል። ቀስ ብዬ በምዘፍንበት ቦታ ሁሉ ያ ጩኸት ከድምፄ ሥር ይሰማል። ታብሌቱን ግን ማይኩ አጠገብ ባስቀምጠውም ዝም ነው። ስለዚህ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድምፄ ከማይኩ ወደ ሳውንድ ካርዱ፣ ማለትም የማይክን ድምፅ ወደ ቁጥር ወደሚቀይረው ሳጥን፣ ይግባ፣ ከሳውንድ ካርዱ ደግሞ በዩኤስቢ፣ ዲጂታል እንደሆነ፣ ወደ ታብሌቱ ይለፍ። በቃ።

ይህንኑ ነው የነገርኩት። "በሄድፎን ቀዳዳ አይደለም የምፈልገው፣ በዩኤስቢ ነው" አልኩት። ሁለት ጊዜ አልኩት። "እህቴ፣ አታስቢ፣ አሁን አሳይሻለሁ" አለኝ።

አሳየኝ። አይፓዴን ተቀበለኝ። አዳፕተሩን ሰካ፣ የዩኤስቢ ኬብሉን ሰካ፣ የሳውንድ ካርዱ መብራት በራ። ከዚያ አይፓዱን ወደ ራሱ አዞረና የላይኛውን ጠርዝ ሆዱ ላይ አስደግፎ ትንሽ ነካካው። ሄድፎኑን ሰጠኝ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ መጣ። "ሰማሽ?" ሰማሁ። ከፈልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ሰካሁት። ኮንደንሰር ማይኩ ለመሥራት የሚፈልገውን 48 ቮልት ከሳውንድ ካርዱ ላይ ሳበራ አይፓዱ ዕቃው ብዙ ኃይል ይፈልጋል የሚል መልእክት አወጣ። ይህን አውቀዋለሁ። ታብሌት ሳውንድ ካርዱንም ማይኩንም በአንድ ቀዳዳ መመገብ ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። የቻርጀር ቀዳዳ ያለውን አዳፕተር አምጥቼ ኃይል ሰጠሁት። መልእክቱ ጠፋ። በምትኩ ሌላ መጣ፦ የተሰካው ዕቃ አይደገፍም።

መቅጃ አፑን ከፈትኩ። ኢንፑት (የድምፅ መግቢያ) ላይ የሚታየው የአይፓዱ የራሱ ማይክ ብቻ ነው። ኬብል ቀየርኩ፤ አንዳንዱ ኬብል ቻርጅ ብቻ እንጂ የዳታ ሽቦ የለውምና። አፕ ቀየርኩ። አጥፍቼ አበራሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ወለል ላይ ተቀምጬ ስሰካና ስነቅል አመሸሁ። የበለጠ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ከነካርቶኑ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ አልደነገጠም። "በደንብ አልሰካሽውም ይሆናል፣ አምጪው" አለኝ። ትናንት ያደረገውን መልሶ አደረገ። አዳፕተር፣ ዩኤስቢ፣ መብራት። አይፓዱን ወደ ሆዱ። ዘፈን።

ዛሬ ግን የቆምኩት ከፊቱ አልነበረም። ከጎኑ ነበርኩ። ዘፈኑ ሲጀምር የሳውንድ ካርዱ የኢንፑት ማስተካከያ ዙሪያ አረንጓዴ መብራት በዘፈኑ ምት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የኢንፑቱ! ዘፈኑ ከአይፓዱ በዩኤስቢ እየመጣ ቢሆን ኖሮ ያ መብራት የሚበራበት ምንም ምክንያት የለም። እሱ የሚበራው ማይክ ወይም ጊታር በሚሰካበት በኩል ድምፅ ሲገባ ነው።

ዓይኔን ወደ እጁ መለስኩ። ከመዳፉ ሥር ቀጭን ጥቁር ኬብል ይወጣል። ከአይፓዱ የሄድፎን ቀዳዳ ተነስቶ፣ በባንኮኒው ጠርዝ ዞሮ፣ ሳውንድ ካርዱ ጀርባ ያለው ላይን ኢን የሚባል የድምፅ መግቢያ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። እጄን ዘርግቼ በሳውንድ ካርዱ በኩል ነቀልኩት። አይፓዱ ላይ ዘፈኑ መሄዱን አላቆመም፣ ሰከንዱ ይቆጥራል። ዩኤስቢው እንደተሰካ ነው። መብራቱ እንደበራ ነው። ሄድፎኑ ውስጥ ግን ጭጭ።

ቀና ብዬ አየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ድምፅ ወጣ አልወጣ?"

ይቅርታ የለም። ተሳስቼ ነው የለም። "ድምፅ ፈልገሻል፣ ድምፅ ወጥቶልሻል" አለኝ። አጠገቡ ያለው ሌላው ሠራተኛ ከስልኩ ላይ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ "ታብሌት የልጆች ጨዋታ ነው፣ ስቱዲዮ የሚሠራ ሰው ኮምፒውተር ይገዛል" አለ። ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ ያው የታወቀው መልስ መጣ፦ የተከፈተ ዕቃ አንመልስም።

ሳውንድ ካርዱ አልተበላሸም። ኮምፒውተር ላይ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ሲጫንለት ይሠራል። እንደ እኔው ባለ ታብሌት ላይ ግን ድራይቨር አውርዶ መጫን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ዕቃው ራሱ ክላስ ኮምፕላየንት መሆን አለበት፤ ማለትም ለዩኤስቢ ድምፅ የወጣውን የጋራ ደንብ ተከትሎ ያለ ድራይቨር የሚሠራ። ደንቡ ትናንት የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው ስሪት የ1998 ነው፣ ሁለተኛው የ2006። አንድሮይድም ከ2014ቱ 5.0 ስሪት ጀምሮ በዩኤስቢ ድምፅ ያስገባል፣ ያስወጣል። ጠዋት ማታ ይህን ዕቃ የሚሸጥ ሰው አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። ደግሞም ያውቃል። ባያውቅ ኬብሉን በመዳፉ ባልሸፈነው።

"በሄድፎን ቀዳዳ ቢሆንስ ምናለበት" የሚል ሰው አይጠፋም። አንደኛ፣ አይፓዱ ውስጥ ያለው ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይሮ ይወጣና ሳውንድ ካርዱ ውስጥ ገብቶ እንደገና ቁጥር ይሆናል። በየመሃሉ ሹክሹክታ ይጨመርበታል። ይህስ ይሁን። ዋናው ግን መንገዱ መሄጃ ብቻ መሆኑ ነው። ሻጩ ባሳየኝ አሰካክ ዘፈን ከአይፓዱ ይወጣል እንጂ የእኔ ድምፅ ወደ አይፓዱ የሚገባበት በር የለም። ለመቅዳት የገዛሁት ዕቃ አንዲት ቃል አይቀዳም።

እኔስ? ስንት ዓመት በዚህ ነገር ውስጥ ቆይቼ እንዴት "እስቲ ቅዳልኝ" ሳልል ቀረሁ? ማይክ ላይ "አንድ፣ ሁለት" ብዬ መልሼ ባዳምጠው 10 ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ዘፈን ሰማሁና ዝም አልኩ። ዛሬ ካርቶኑን ገልብጬ ሳይ ደግሞ ከየትኞቹ ጋር እንደሚሠራ የሚዘረዝረው ቦታ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ያሉት የኮምፒውተር ስሞች ብቻ ናቸው። ትናንት ያንን ካርቶን በእጄ ይዤ ቤቴ ድረስ ሄጃለሁ።

ልትገዙ ከሆነ የራሳችሁን ማይክ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በገዛ እጃችሁ ሰክታችሁ ቅዱና መልሳችሁ አዳምጡ። ታብሌታችሁን ለሻጩ አትስጡ። የሄድፎን ቀዳዳው ባዶ መሆኑን እዩ። ካርቶኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለም ከመክፈላችሁ በፊት አስልጡት።