ጋይድ፦ ሜዲኬር ለመርሳት ታማሚና ለአስታማሚ ያወጣው አገልግሎት ምን ያህል ያግዛል?

አሜሪካ ውስጥ የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) የያዘውን ወላጅ ቤት አስቀምጦ የሚያስታምም ሰው ከሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን ከሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ሲያገኝ የኖረው ጥቂት ነው። ለሐኪሙ ይከፈላል፣ ለአንጎል ምርመራው ይከፈላል፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስታ በር የምትዘጋው ልጅ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የለችም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 የተጀመረው ጋይድ የተባለው ፕሮግራም አስታማሚዋንም አብሮ ይቆጥራል። የ8 ዓመት ሙከራ ነውና ቋሚ መብት አይደለም፤ በሁሉም ክሊኒክም አይገኝም። ቢሆንም መግባት ለሚችል ቤተሰብ የሚተው ነገር አይደለም።

ከሚሰጠው ብንጀምር፦ ኬር ናቪጌተር የሚባል፣ ቤተሰቡን ከአገልግሎቶቹ ጋር የሚያገናኝ አንድ ሰው ይመደባል፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ይዘጋጃል፣ አስታማሚው ይሠለጥናል፣ 24 ሰዓት የሚደወልበት ስልክ ይሰጣል። ለእነዚህ ታማሚው ምንም አይከፍልም፤ በሜዲኬር ታማሚው ራሱ የሚከፍለው የተለመደው 20 በመቶ እንኳ የለም። ስልኩን አቅልላችሁ አትዩት። ትናንት ደህና የነበሩት አባት ዛሬ ድንገት ሰው መለየት ቢያቅታቸው ነገሩ ብዙ ጊዜ የመርሳት በሽታው መባስ አይደለም፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን መደወል ያስፈልጋል። መድኃኒት የማጣራቱ ሥራም ይጠቅማል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙት ቤናድሪልና ታይለኖል ፒኤም በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ግራ መጋባትን ያባብሳል። የማዘዣ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ቤት ያለውን ብልቃጥ ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ በሩ። ታማሚው ፓርት ኤ (የሜዲኬር የሆስፒታል ሽፋን) እና ፓርት ቢ (የሐኪም ሽፋን) ሊኖረው፣ ሜዲኬር ከሌላ ኢንሹራንስ በፊት ቀዳሚ ከፋይ ሊሆን፣ ሐኪምም የመርሳት በሽታ መሆኑን ሊያረጋግጥ ይገባል። ነርሲንግ ሆም በቋሚነት የገባ ወይም ሆስፒስ (በሕይወት መጨረሻ የሚሰጥ እንክብካቤ) የተመዘገበ አይገባም። ብዙ ሰው የሚቀረው ግን በሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም የሜዲኬርን ሽፋን በግል ኢንሹራንስ ድርጅት በኩል በሚሰጠው ፕላን፣ ምክንያት ነው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊው የሜዲኬር ካርድ ቤት መኖሩ አያታልላችሁ፤ ሐኪም ቤት የምታሳዩት ካርድ የግል ኢንሹራንስ ድርጅት ስም ካለበት ወላጃችሁ አድቫንቴጅ ውስጥ ናቸው፣ ጋይድም አይቀበላቸውም።

መውጣት ይቻላል፤ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7፣ ወይም ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ወደ ዋናው፣ መንግሥት በቀጥታ ወደሚከፍልበት ሜዲኬር መመለስ ይፈቀዳል። ችኮላ ግን ያስከፍላል። ዋናው ሜዲኬር በ20 በመቶው ላይ የዓመት ጣሪያ የለውም፤ ያንን የሚሸፍነውን ሜዲጋፕ የተባለ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ደግሞ ከመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ በኋላ ድርጅቶቹ በበሽታው ምክንያት ሊከለክሉ ይችላሉ። ኒውዮርክ፣ ኮነቲከት፣ ማሳቹሴትስና ሜይን የተሻለ ሕግ አላቸው። ሙሉ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) ላላቸው መንገዱ ቀላል ነው፦ ከ2025 ጀምሮ በየወሩ ወደ ዋናው ሜዲኬር መመለስና የመድኃኒቱን ፓርት ዲ ለብቻ መያዝ ይችላሉ። በለውጡ አድቫንቴጁ ይሰጥ የነበረው የምግብ ካርድና የጥርስ ጥቅም ሊቀር ስለሚችል መጀመሪያ መዝኑት።

የሐበሻ ቤተሰብ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ከገባ በኋላ፣ በግምገማው ላይ ነው። የበሽታው ደረጃ ሲዲአር ወይም ፋስት በሚባል መለኪያ ይወሰናል፤ ለሁለቱም የአስታማሚው ቃል ትልቅ ክብደት አለው። በፋስት 4 ማለት ቀላል ደረጃ ነው። 5 ለጊዜው የሚስማማ ልብስ መምረጥ ሲያቅት፣ 6 ለመልበስ፣ ለመታጠብና ለመጸዳዳት ሰው ሲያስፈልግ ነው። በ4 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ያወጣል፤ ሪስፒት የሚባለው አስታማሚውን የሚያሳርፍ አገልግሎት የሚፈቀደው አስታማሚ ላለውና መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ላይ ላለ ታማሚ ብቻ ነውና።

በቀጠሮው ቀን እናት ነጠላቸውን አሳምረው ይለብሳሉ፣ ሐኪሙን ስለ ልጆቹ ደህንነት ይጠይቃሉ፣ ይመርቃሉ። ሰላምታና ምርቃት ከአንደበት ቶሎ አይጠፋም። ልጅቱ ደግሞ እናቷ ፊት «ሽንት ያመልጣታል» ማለት ነውር ይሆንባታል። ወረቀቱ ላይ «ቀላል» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ስንት ቀን አለበሳችኋቸው፣ ስንት ጊዜ አጠባችኋቸው፣ ስንት ሌሊት ተነሱ፣ ምድጃ ስንት ጊዜ ሳይጠፋ ቀረ። ፊታቸው ላይ መናገር ካቃታችሁ ማስታወሻውን ለነርሷ ስጡ፣ ወይም ለብቻችሁ እንዲያነጋግሯችሁ ጠይቁ።

የአስታማሚው ጫና የሚለካበት ዛሪት የሚባለው መጠይቅም እንዲሁ ነው። 22 ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ድምሩ 88። መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ላይ ያለ ታማሚ አስታማሚው 61ና ከዚያ በላይ ካመጣ ከፍተኛው እርከን ውስጥ ይገባል፤ ለክሊኒኩም በየወሩ የበለጠ ይከፈለዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚል መልስ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ማመስገኑ ይቀጥል፤ ቁጥሩ ግን እውነቱን ይናገር። አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ የክሊኒኩ ነው፤ ልጅ አያስተርጉም። «ጃጅተዋል» የሚለው ቃል «አርጅተዋል» ተብሎ ከተተረጎመ በሽታው ተራ እርጅና ይመስላል።

2,500 ዶላር ብዙ ይመስላል። በሰዓት 30 ዶላር ብናስብ 83 ሰዓት ግድም ነው፣ በወር 7 ሰዓት አይሞላም። በየሳምንቱ እየቆነጠሩ ከሚጨርሱት አስታማሚው ኦፕራሲዮን ላለበት ወይም መንገድ ለሚሄድበት ሳምንት ቢቀመጥ ይሻላል። ገንዘቡ ለአገልግሎት ሰጪው እንጂ ለቤተሰቡ እጅ አይሰጥም። ልጅ ለማስታመሙ ደመወዝ የሚያገኝበት መንገድ ካለ በሜዲኬይድ ነው፤ በብዙ ስቴቶች አለ፣ ወረፋው ግን ሊረዝም ስለሚችል ማመልከቻውን ጋይድን ሳትጠብቁ አስገቡ።

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ከጋይድም ከሜዲኬርም አይጠበቅም። ሜዲኬር ነርሲንግ ሆም የሚሸፍነው ሙያዊ ሕክምና ሲያስፈልግ፣ ሆስፒታል 3 ቀን ከተኛ በኋላ፣ እስከ 100 ቀን ነው። «ኦብዘርቬሽን» ተብሎ፣ ማለትም እንደ ተኝቶ ታካሚ ሳይመዘገብ ለክትትል ብቻ የተያዘ ሌሊት ከ3ቱ ቀን አይቆጠርም፤ ታማሚው አልጋ ላይ እያለ በየትኛው እንደተመዘገበ ጠይቁ።

በአቅራቢያችሁ ጋይድ ያለው ክሊኒክ ከሌለ ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። ፓርት ቢ የማስታወስ ግምገማና የእንክብካቤ ዕቅድ የሚሠራበትን ቀጠሮ ይሸፍናል፤ የክፍያ መለያ ቁጥሩ 99483 ነው፣ ለክሊኒኩ በቁጥሩ ንገሩት። ከ2024 ጀምሮ ለአስታማሚ ሥልጠናም ይከፍላል። እነዚህ ላይ ግን 20 በመቶው አለ።

ለመጀመር በ1-800-633-4227 ደውሉና «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኛሉ። ክሊኒክ ካገኛችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ናቪጌተሩ አማርኛ ባይችል በእያንዳንዱ ጥሪ አስተርጓሚ ይኖራል ወይ፣ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው፣ ቤት ከሚሰጠው ሪስፒት ሌላ ከአዋቂዎች የቀን ማዕከል ጋር ውል አላችሁ ወይ። ለሦስተኛው «የለም» ካሉ ሌላ ክሊኒክ ማየት ያዋጣል።