ፌት፣ ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ ወይስ ኦርቢተር? የስበት ፕሮግራም ለሚመርጡ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ሦስቱም ስክሪን ላይ ፕላኔት ያዞራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ፀሐይዋን ስትነኩባቸው ነው።

የፀሐይን መጠነ ቁስ በእጥፍ አሳድጉ። በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትዞር የነበረችው ምድር ክቧን ትታ ሞላላ መንገድ መያዝ አለባት፤ ወደ ፀሐይ እስከ 50 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ትጠጋና ተመልሳ ትወጣለች። አንዱን ዙር የምትጨርሰውም በ365 ቀን ሳይሆን በ141 ቀን ገደማ ነው። አሁን ደግሞ ቀንሱት። ግማሽ ላይ ጠርዙ ነው፤ ከዚያ ካወረዳችሁት ምድር እየራቀች ሄዳ አትመለስም። ይህ ሁሉ ከታየ ፕሮግራሙ ስበትን በእርግጥ እያሰላ ነው። ምድር ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሯን ከቀጠለች ግን አስቀድሞ የተሰላ መንገድ እያሳያችሁ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ፈተና ሞክሩ፤ ሻጩ ማስሞከር ካልፈለገም ያው መልስ ነው።

ፌት የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚያዘጋጀው ነፃ የማስተማሪያ ስብስብ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው፦ «ግራቪቲ ኤንድ ኦርቢትስ» እና «ማይ ሶላር ሲስተም»። በመጀመሪያው ኮከብና ፕላኔት መርጣችሁ የመጠነ ቁሱን ተንሸራታች ትገፋላችሁ፤ የስበቱና የፍጥነቱ ቀስቶች ወዲያው ሲረዝሙና ሲያጥሩ ይታያሉ። ስበቱን ጨርሶ ማጥፋትም ይቻላል፤ ፕላኔቷ የያዘችውን አቅጣጫ ይዛ ቀጥ ብላ ስትሄድ ለተማሪ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ገለጻ በላይ ይነግረዋል። ሁለተኛው እስከ አራት አካላት ያስገባል፤ ቦታና ፍጥነታቸውን በቁጥር ትሞላላችሁ። ከአራት በላይ ከፈለጋችሁ ፌት አይበቃችሁም። የሚያሳስት ነገርም አለው፦ «ሞዴል» በሚለው ገጽ ፀሐይና ፕላኔት ሆን ተብሎ ተጋነው ነው የተሳሉት። ተማሪው ያንን እውነተኛ መጠን አድርጎ እንዳይዘው «ቱ ስኬል» የሚለውን ገጽ አብራችሁ አሳዩት።

ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ የሚሸጥ ነው፤ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታዎች መሸጫ ድረ ገጽ ላይ መደበኛ ዋጋው 30 ዶላር ገደማ ሲሆን በዓመት ውስጥ ቅናሽ ሲደረግ መጠበቅ ያዋጣል። በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ አይቀበልም፤ ለውጭ ክፍያ የተፈቀደ ቪዛ ወይም ማስተር ካርድ ያስፈልጋል። በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጠቀማችሁበት ስቲም ገንዘቡን ይመልሳል። ስለዚህ ሁለቱን ሰዓት ቀለበት ባላት ሳተርን ላይ አታባክኑ፤ ላፕቶፓችሁ መሸከም አለመሸከሙን እዩበት።

ምክንያቱም ሸክሙ ከባድ ነው። እያንዳንዱ አካል ሌላውን ሁሉ ይስባል፤ 10 አካላት 45 ጥንድ ናቸው፣ 100 ሲሆኑ 4,950፣ 1,000 ሲሆኑ 499,500። ደሴ ፒያሳ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች 4 ጊጋባይት ራም ይዞ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ፀሐይንና ፕላኔቶቿን ቢያሳይም ሁለት ፕላኔት ስታጋጩበት ይንተፋተፋል። 8 ጊጋባይትና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለውን ፈልጉ። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ የሚሠራበት ሰው የማራገቢያውን አቧራ ያስጠርግ፤ የሞቀ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ገዢዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ግን ሌላ ነው። ጊዜውን አፍጥናችሁ በሴኮንድ ብዙ ዓመት ስታስኬዱ ጨረቃ ከምድር ተላቅቃ ትሄዳለች። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ወይም «ክራክ» (ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ) ሆኖ አይደለም። ስሌቱ የሚሄደው በእርምጃ ነው፦ ስበቱን ይለካል፣ አካሉን ጥቂት ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይለካል። እርምጃው ሲረዝም አካሉ መታጠፍ የነበረበትን ኩርባ ቀጥ ብሎ ያልፈዋል። ጨረቃ ዙሯን በ27.3 ቀን ትጨርሳለች፤ የጁፒተር ጨረቃ አዮ ግን በ1.77 ቀን ስለሆነ መጀመሪያ የምታመልጠው እሷ ናት። መፍትሔው ፍጥነቱን ቀንሶ ከመነሻው ማስጀመር ነው፤ አንዴ ያመለጠችዋን መልሶ የሚያመጣ የለም።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት «ሴቭ» አድርጉ። ስቲምንም ኢንተርኔት እያለ «ኦፍላይን ሞድ» ላይ አስገቡት፤ ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ መሞከር ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ኦርቢተር የመንኮራኩር በረራ ማስመሰያ ነው፤ ነፃ ነው፣ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፣ ከ2021 ጀምሮም ኮዱ ክፍት ሆኗል። ከላይ ያለውን ፈተና አያልፍም፤ የተሠራውም ለዚያ አይደለም። ፕላኔቶቹ የሚሄዱት በተዘጋጀ ቀመር ነው፤ ስበት የሚሰላው እናንተ በምታበሩት መንኮራኩር ላይ ነው። ከምድር ተነስቶ ጨረቃ ላይ ማረፍን መማር ለሚፈልግ ግን ከሦስቱ የሚስተካከለው የለም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ዚፑን ፈትታችሁ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አድርጉት፤ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ከገባ ዊንዶውስ ፋይል እንዳይጽፍ ይከለክለዋል።

ስቴላሪየምን እንደ ስበት ፕሮግራም የሚሰጣችሁ ካለ አትሳቱ፤ ከጦሳ ተራራ ላይ የሚታየውን ሰማይ ለማወቅ ግሩም ነው፣ ስበት ግን አያስሞክርም። በፓይተን ቋንቋ ኮድ መጻፍ የሚችል የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ደግሞ ሪባውንድ የተባለውን የስበት ማስሊያ ይጫን፤ ነፃ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ በስሌት ትክክለኛነት ሁሉንም ያስከነዳል።

ለትምህርት ቤት ላብራቶሪ የምትገዙ ከሆነ ምንም አትግዙ። የፌትን ፋይል አንድ ጊዜ አውርዳችሁ በፍላሽ ወደ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ ያለ ኢንተርኔት በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይከፈታል። ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ከመጣ ማሽኑ ፋይሉን በድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እየከፈተው ነው፤ በቀኝ ክሊክ «ኦፕን ዊዝ» ብላችሁ ክሮምን ምረጡለት።