ክትፎ በሱሉልታ፦ ሆቴሉ ወይስ ክትፎ ቤቱ?

ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ወጥቶ ክትፎ መብላት ላማረው ሰው ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የአገር ቤት ምግብን በዘመናዊ መልክ የሚያቀርብ የትልቅ ሆቴል ሬስቶራንት ነው። ሌላው ተራ ክትፎ ቤት።

ሆቴሉ ለዓይን ያምራል። ክትፎው ክብ ሆኖ፣ አይቡ ላዩ ላይ ጠብ ጠብ ተደርጎ፣ ቆጮው እንደ ብስኩት ደርቆ ይመጣል። የቆጮው ነገር፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሽታው የማይስማማው እንግዳ እንኳ ይበላዋል። ችግሩ ሳህኑ ነው። የሱሉልታ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ቀዝቃዛ ነጭ ሳህን ላይ የመጣ ለብ ለብ፣ ጨዋታው ሳይሞቅ ቅቤው ይረጋል።

ክትፎ ቤት ግን በጣባ፣ ኮባ ተነጥፎበት ነው የሚቀርበው። ጣባው ሙቀት ይይዛል። የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ገና ከጓዳ ሳይወጣ ያውዳል። ሚጥሚጣ ጨምሩልኝ ብትሉ ማንም ቅር አይለውም።

ዋጋ ላይ ንቁ። ሆቴሉ ሜኑ ላይ የምታዩት ቁጥር ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በዚያ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲገባበት ሂሳቡ ሌላ ነው።

ከውጭ የመጣ እንግዳ ካላችሁ ወይም ሥራ የምታወሩ ከሆነ ሆቴሉ ይሻላል። መጸዳጃውም፣ መኪና ማቆሚያውም አያሳስብም። ክትፎውን ብላችሁ ከሆነ የወጣችሁት፣ ወደ ጣባው ሂዱ። በጾም ቀን የሚዘጉ ስላሉ ብቻ ቀድማችሁ ደውሉ።