ረቡዕ ማታ በጅማ፦ ክላሲክ ፊልሞችን ስለሚያሳየው ትንሹ ሲኒማ ቤት

ጅማ ላይ ክላሲክ ፊልም በትልቅ ሸራ ማየት የሚፈልግ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወይ በስልኩ አይቶ መተው፣ ወይ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። አሁን ግን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ አነስተኛ ሲኒማ ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ የሚያሳያቸው አዳዲስ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ፊልሞች እንዳሉ ሆነው፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ የቆዩ ፊልሞችን ማሳየት ጀምሯል። ፕሮግራሙን ስከታተል ቆይቼ ይህን አስተያየት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ቤቱ ብዙ ማሳያ ቤቶች የሚዘነጉትን አንድ ነገር በትክክል ስለሚሠራ፣ ሌላውን ደግሞ ገና ስላላሰበበት ነው። በትክክል የሚሠራው ሥዕሉን ነው፤ ያላሰበበት ድምፁን።

እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ ፊልሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወርዳቸው ከቁመታቸው በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ፣ 4 በ3 ከሚባለው ቅርጽ ብዙም የማይርቁ ነበሩ። ሰፊው ሸራ የተለመደው የአሜሪካ ስቱዲዮዎች ተመልካቻቸውን ከቴሌቪዥን ለማስመለስ ሲሉ ከ1953 ወዲህ ስለገፉበት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ የሚገኙት ፕሮጀክተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ለ16 በ9 ቅርጽ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ማሽኑን የያዘው ሰው ካልተጠነቀቀ የድሮው ፊልም ሸራውን እንዲሞላ ተብሎ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ ፊት ሁሉ ያበጠ፣ ሰው ሁሉ ያጠረ ይመስላል። አለዚያም ከላይና ከታች ይቆረጥና የተዋናዩ ግንባርና እግር ከሸራው ውጭ ይቀራል። የቻርሊ ቻፕሊን ትወና ግማሹ እግሩ ላይ መሆኑን ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ጉዳት እንደሆነ ይረዳዋል።

በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ፊልሙ ሊጀመር ሲል ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት የመጀመሪያውን ሥዕል ሸራው ላይ ያቆምና፣ ወደ ፊት ወርዶ በግራና በቀኝ የተሰቀሉትን ጥቁር መጋረጃዎች የሥዕሉ ጠርዝ ድረስ በእጁ ይስባቸዋል። ከዚያ እስከ አራተኛው ረድፍ ወንበር ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ያያል፤ አንደኛው ጠርዝ ላይ የጣት ስፋት ያህል ብርሃን ተርፎ ከሆነ ተመልሶ ይዘጋዋል። የፕሮጀክተር ጥቁር በእርግጥም ጥቁር ስላልሆነ፣ መጋረጃው ባይሳብ ኖሮ ፊልሙ የሚታየው በሁለት ግራጫ ዓምዶች መካከል ነበር። መጋረጃው ሲሳብ ግን ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ያጣና፣ ጥቁርና ነጩ ፊልም ያለውን የጥላና የብርሃን እርከን ሁሉ ያሳያል። ፍጥነቱም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ድምፅ አልባ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ዛሬ ከተለመደው በሰከንድ 24 ፍሬም ባነሰ ፍጥነት ይቀረጹ ስለነበር፣ ሳይስተካከሉ ሲለቀቁ ሰዎቹ ሲሯሯጡ ይታያሉ፤ እዚህ ከዋናው ፊልም በፊት በሚቀርቡት አጫጭር ፊልሞች ላይ ሰዎቹ ሰው እንደሚራመድ ይራመዳሉ።

ይህ ጥንቃቄ ምን እንደሚያስገኝ በደንብ የታየኝ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» በቀረበበት ምሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው ይህ ፊልም ከጦርነቱ ማግሥት ሮም ውስጥ ሥራ አጥቶ የኖረ አባወራ በግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ማግኘቱን፣ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው ብስክሌቱ ግን በመያዣ መያዙን ይተርካል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ፣ አጥባና ጠቅልላ በምትኩ ታስይዛለች። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ጥቅሉን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ካሜራው ሲከተለው እስከ ጣሪያው ድረስ የተቆለለው ሁሉ የሌሎች ቤተሰቦች አንሶላ መሆኑ ይገለጣል። በስልክ ሳየው ይህ ቦታ እንዲሁ ያለፈኝ ነበር፤ እዚህ ግን መደርደሪያው ከራሳችን በላይ ከፍ እያለ ሲሄድ በአዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ፤ ከኋላዬ የተቀመጡ እናትም ይህ ሁሉ ሰው መኝታውን አስይዞ ኖሯል ወይ ብለው አጠገባቸው ያለችውን ልጅ ጠየቁ። ዋናውን ሰው የሚጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ብስክሌቱ ከተሰረቀ በኋላ የሚያሳየው የአረማመድ መዛልም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ባጃጅ በኪራይ እየነዱ የዕለት ገቢያቸውን ለባለንብረቱ የሚያስረክቡ ወጣቶች ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ለእነርሱ ታሪኩን ማብራራት አላስፈለገም።

የቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» ምሽት ደግሞ የፊልም ምርጫቸውን ያስመሰገነ ነው። ቻፕሊን ይህን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1931 ሲያወጣ ንግግር ያላቸው ፊልሞች ገበያውን ከያዙ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እርሱ ግን በንግግር ፈንታ ራሱ የደረሰውን ሙዚቃ ይዞ ቀረበ። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ካፊኛና የምኛ የሚናገር ሰው በአንድ አዳራሽ በሚቀመጥበት እንደ ጅማ ባለ ከተማ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚስቅበት ፊልም ማምጣት ትልቅ ማስተዋል ነው። የቤቱ አስተናጋጅ ከፊልሙ በፊት በሁለት ቋንቋ አጠር ያለ መግቢያ አቀረበ፤ መካከል ላይ ብልጭ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ግን ማንም ጮክ ብሎ አልተረጎመም፤ ያም ተገቢ ነበር፤ ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ የመኪናውን በር ድምፅ ሰምታ ምስኪኑን ሰው ሀብታም ነው ብላ እንደገመተች ለመረዳት ጽሑፍ አያሻም።

የሚያሳዝነው ግን የቦክስ ግጥሚያው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው መብራት በርቶ እረፍት መባሉ ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ የማይሞላ ነው። ሻይና ፈንዲሻ መሸጥ ለቤቱ የገቢ ምንጭ መሆኑን እረዳለሁ፤ ትኬቱ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ ብዙም ስለማይበልጥ ያለዚያ ገቢ ፕሮግራሙ መቀጠሉ ያጠራጥራል። ቢሆንም ሽያጩ ከፊልሙ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ሊከናወን ይችላል፤ ደጃፉ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅም ያን ጊዜ ብዙ ደንበኛ ታገኛለች። ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራው የሕንዱ «ማዘር ኢንዲያ» ሦስት ሰዓት የሚጠጋና አዘጋጁ ራሱ የእረፍት ቦታ የተወለት ፊልም ነው፤ እርሱ በቀረበ ጊዜ መብራቱ የበራው በትክክለኛው ቦታ ስለነበር ማንም ቅር አላለውም። በነገራችን ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ የሞላው ያን ምሽት ነው፤ በወጣትነታቸው በየቪዲዮ ቤቱ የሕንድ ፊልም ሲያዩ ያደጉ ጎልማሶች ዘፈኖቹን አብረው ያዜሙ ነበር።

ወደ ድምፁ ልምጣ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዚህ ፕሮግራም ከቀረቡት ሁሉ እኔ በጉጉት የጠበቅሁት ነበር፤ እጅግ የተጎዳውም እርሱ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1974 በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚረዝም፣ ገበሬዎች ራሳቸው የተወኑበት ሥራ ነው። ባለመሬቱ ከከፍታ ቦታ ተቀምጦ ታች በሬ ጠምደው በሚያርሱት ጭሰኞቹ ላይ ይጮኻል፤ መሬቱን የተነጠቀውና እብድ ነው የሚባለው ከበበ ደግሞ ማንም ሊናገረው የማይደፍረውን እየተናገረ ይዞራል። እንግዲህ የፊልሙ ኃይል ያለው በእነዚህ ድምፆች ውስጥ ነው፤ የጌታው ቁጣ ከሩቅ መምጣቱ፣ የገበሬው መልስ አፉ ውስጥ መቅረቱ፣ የከበበ ንግግር ሳይቋረጥ መንጎዱ ታሪኩን ከሥዕሉ እኩል ይሸከማል። እኛ ግን ከተባለው ግማሹን እንኳ መስማት አልቻልንም፤ በገዛ ቋንቋችን የተሠራ ፊልም በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እየታገዝን ተከታተልን።

ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው የድምፅ ማጉያዎቹ አቀማመጥና ቅኝት ነው። የዚያ ዘመን ፊልም ድምፅ አንድ ወጥ ሞኖ ሲሆን፣ የሰው ንግግር የሚገኝበት መካከለኛው ድምፅ ላይ ያተኮረ ነው። ቤቱ ግን ለአዳዲስ ፊልሞችና ለሙዚቃ እንዲስማማ ተብሎ ቤዙ ከፍ እንዳለ በአራቱም ማዕዘን ባሉት ማጉያዎች ይለቅቀዋል፤ ስለዚህ ንግግሩ ከአራት አቅጣጫ እየተጋጨ ይደበዝዛል። የጎንና የኋላዎቹን ዘግቶ ከሸራው አጠገብ ባሉት ብቻ መልቀቅ፣ ቤዙንም ዝቅ ማድረግ ምንም ወጪ የማያስከትል መፍትሔ ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱም ስስ ነው። ያን ምሽት ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ዝናቡ ወረደ፤ ድምፅ መጨመር ደግሞ ጩኸት በጩኸት ላይ ከመደረብ በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም። ኮርኒስ መቀየር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ፕሮግራሙን ማቀያየር ግን አይጠይቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ድምፅ አልባና የግርጌ ጽሑፍ ያላቸውን ፊልሞች አሳይቶ፣ ንግግራቸው ቃል በቃል ሊሰማ የሚገባቸውን የአገራችንን ፊልሞች ከኅዳር ወዲህ ላለው ደረቅ ወቅት ማቆየት ይቻላል።

የቀረበው ቅጂም ደካማ ነበር። ይህ ፊልም የጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤተ መዛግብትና የማርቲን ስኮርሴዚ የፊልም ፋውንዴሽን ተባብረው ያደሱት ቅጂ አለው፤ የምናየው ይህኛው ቢሆን ኖሮ የማለዳው ጭጋግና የገበሬው ፊት አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ባልቀሩ ነበር። ቤቱ የታደሰውን ቅጂ ከባለመብቶቹ በሕጋዊ መንገድ ጠይቆ ቢያመጣና ፊልሙን እንደገና ቢያሳየው በደስታ ሁለተኛ ትኬት እቆርጣለሁ።

እንዲህም ሆኖ ከፊልሙ በኋላ የተደረገው ውይይት ሌላ ቦታ የማይገኝ ነበር። መሬት ለሕዝብ የሆነበት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፊልሙ የተቀረጸው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በልጅነታቸው አባታቸው ከቡናው ምርት ለባለመሬቱ ይሰጡ የነበረውን ድርሻና ድርሻው በሚለካበት ቀን ቤታቸው ውስጥ የነበረውን ዝምታ ተናገሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥያቄ አከታተሉባቸው፤ እርሳቸውም አንዱንም ሳይዘሉ መለሱ። አስተናጋጁ ሰዓት አልፏል ብሎ ሰውን አላስነሣም፤ ለዚህ ትዕግሥቱ አመሰግነዋለሁ።

የቀረውን ባጭሩ ለመግለጽ፣ አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹ አሮጌ ቢሆኑም ይደላሉ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የሚያገኘው አንዳንዴ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ፈጥኖ ይነሣል፤ ፊልሙንም ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው ይጀምሩታል። በፊልም መካከል ስልክ የሚያናግር ሰው ካለ አስተባባሪዋ ቀርባ በትሕትና ወደ ውጭ ትጋብዘዋለች።

ለቀጣዩ ወቅት የምጠይቀው አንድ ፊልም አለ። የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በደም መቃባትና በእርቅ ባህል ላይ የተሠራ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1960ዎቹ የአገራችን ሥራ ነው፤ የጉማ የፊልም ሽልማት ስሙን ያገኘውም ከእርሱ ነው። የጉማን ሥርዓት ከአባቶቹ ሰምቶ ለሚያውቅ የጅማ ተመልካች ይህን ፊልም በደረቁ ወቅት፣ በፊት ማጉያዎች ብቻ፣ ያለ እረፍት ማሳየት ይገባል። የወሩ ዝርዝር በር ላይ የሚለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ትኬትም ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ይሸጣል። ከመሃል መተላለፊያው በስተግራ ያለው አምስተኛው ረድፍ በአሁኑ የድምፅ አቀማመጥ ንግግር ከሌላው ቦታ ሁሉ የተሻለ የሚሰማበት ስለሆነ፣ የአማርኛ ፊልም ለማየት የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ደርሶ እዚያ ቢቀመጥ መልካም ነው።