ባክቴሪያው ይደልብበታል፤ ሰማያዊው ግን ይዘገያል፦ ስለ አይኤስፒ 2 ሚዲያ ዱቄት

ስትሬፕቶማይሲስ ሴሊኮሎር የተባለውን የአፈር ባክቴሪያ ለማሳደግ በቤተ ሙከራችን ለስድስት ወራት ያህል የተጠቀምነው ተዘጋጅቶ በዕቃ የሚሸጥ የአይኤስፒ 2 ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ) ዱቄት ነው። አምራቹን አልጠቅስም፤ ቀመሩ የታወቀ በመሆኑ የምለው ነገር በአብዛኛው ለሌሎችም ይሠራል። ለአንድ ሊትር ውሃ በሚመዘነው 38 ግራም ዱቄት ውስጥ 4 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት፣ 10 ግራም የብቅል ኤክስትራክት፣ 4 ግራም ግሉኮስና ሚዲያውን የሚያረጋ 20 ግራም አጋር ይገኛል።

ለአሠራር ምቹ ነው። በጥብጦ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያመክን መሣሪያ) በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ ማምከንና ፔትሪ ዲሽ ላይ ማፍሰስ ብቻ ይበቃል፤ በ30 ዲግሪም ባክቴሪያው ፈጥኖ ይንሰራፋበታል። ነገር ግን የዕቃው ክዳን በደንብ ስለማይገጥም ዱቄቱ እርጥበት እየሳበ ይጓጉላል።

እኛ የፈለግነው ግን እድገቱን ብቻ አልነበረም። ይህ ባክቴሪያ ለጥናት የሚመረጠው አንቲባዮቲኮቹ በዓይን ስለሚታዩ ነው፤ አክቲኖሮዲን ሰማያዊ፣ ፕሮዲጂኒኖቹ ቀይ ናቸው። በዚህ ዱቄት ላይ ኮሎኒዎቹ (የባክቴሪያው ክምችቶች) ደልበው ሳለ ሰማያዊው ቀናት ዘግይቶ፣ ያውም ፈዞ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥነው የባክቴሪያ ዘር የተበላሸ መስሎን ነበር።

አክቲኖሮዲንን የሚሠሩት ጂኖች ጎን ለጎን ተሰባስበው የሚገኙ ሲሆን፣ የሚያስነሣቸው አክት2-ኦአርኤፍ4 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ እርሱ መቼ እንደሚመረት የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው የምግቡ ሁኔታ ነው። ፎስፌት ሲያንስ ፎአር የተባለው ዳሳሽ ፕሮቲን ፎፒ የተባለውን የጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ያነቃዋል፤ ፎስፌት በተትረፈረፈበት ሚዲያ ግን የአንቲባዮቲክ ምርት ይታፈናል። አሚኖ አሲድ ሲጎድል ሬልኤ የተባለው ኢንዛይም ፒፒጂፒፒ የተሰኘችውን ትንሽ ሞለኪውል ይሠራል፤ እርስዋም የእድገት ጂኖችን አቀዝቅዛ ለአንቲባዮቲክ ጂኖች መንገድ ትከፍታለች። ግሉኮስም በበኩሉ ምርቱን ከሚገቱት አንዱ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን የተባለው ስኳር ነው፤ በደሃ ሚዲያ ላይ ሲጨመር ዳስአር የተባለውን ገቺ ፕሮቲን ከጂኖቹ ላይ አስለቅቆ ምርቱን ይቀሰቅሳል፣ በበለጸገ ሚዲያ ላይ ግን ያው ስኳር ምርቱን ያግዳል። ስለዚህ ግሉኮስና የእርሾ ኤክስትራክት የያዘ ሚዲያ ባክቴሪያውን ገና አልተቸገርክም ብሎ ቢያዘናጋው የሚያስደንቅ አይደለም።

ለማነጻጸር 20 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት፣ 20 ግራም ማኒቶልና 20 ግራም አጋር በአንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ አዘጋጅተን ሁለት ጊዜ አውቶክሌቭ አደረግን። ሽታው ደስ አይልም፣ ዝቃጩም ያስቸግራል፤ ነገር ግን ግሉኮስ አልተጨመረበትም፣ ስፖሩም (ባክቴሪያው የሚራባበት ህዋስ) በብዛት ወጣ፣ ሰማያዊውም ቀድሞ ታየ። ገዢ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ፤ አክቲኖሮዲን በአሲድ ውስጥ ቀይ ስለሚሆን፣ ሚዲያው አሲዳማ እንደሆነ ሰማያዊ አልመጣም ብሎ ከመጣል በፊት በአሞኒያ እንፋሎት መፈተን ይበጃል። ከጣልናቸው ዲሾች መካከል እንዲህ ያሉት ስንት እንደነበሩ አሁን ማወቅ አይቻልም።

በአምራቹ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ በዕቃው ላይ የፎስፌቱ መጠን አለመጻፉ ነው። የእርሾና የብቅል ኤክስትራክት ከምርት ምርት የሚለያይ በመሆኑ፣ ከሁለት የተለያዩ ዕቃዎች የተዘጋጁ ዲሾችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የቀለም ልዩነት ከጂን ለውጥ የመጣ ነው ማለት ያሳስታል። ሁለተኛውን ዕቃ አዝዘናል፤ የምንጠቀምበት ግን ዘር ለማባዛት ብቻ ነው።